የኤዶ ሐሊማ እግርና «ነቀርሳ» ያልኩት ቃል

ጥቅምት 4፣ 79፣ ጠዋት
ጅግጅጋ ሆስፒታል የሕመምተኛ ቁስል እያየሁ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ኤዶ ሐሊማ ገባች፤ ከሐርሺን ወተት የምታመጣ ነጋዴ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ጅግጅጋ ሁሉ እንዲያ ይላታል፣ እኔም። ቅልጥሟ ላይ የልጅነት ቁስል ጠባሳ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ይድናል፣ ደግሞ ይከፈታል። አሁን ጠርዙ እንደ አበባ ጎመን ፈክቶ ይደማል። ክው አልኩ። ከዚያ (አትፍረጂብኝ ማስታወሻዬ) ደስ አለኝ! መጽሐፍ ላይ ያየሁትን በዓይኔ! ወዲያው አፈርኩ። እግሩ የሷ ነው። ናሙና ወስጄ ወደ አ.አ. ላክሁ።

ጥቅምት 25
መልስ መጣ። የቆዳ ካንሰር፣ አሮጌ ጠባሳ ላይ የሚነሳው። ራጅ፦ አጥንቱ ደህና። ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት የለም። ካንሰሩ ቶሎ ከተነሣ እግሯ ይተርፋል። ከዘገየ ይቆረጣል፤ እሱም ካዳናት። ሐረር ላለው ቀዶ ሐኪም ሪፈር ጻፍኩ። በጥሩ አማርኛ፦ «የቆዳ ነቀርሳ»። ኮራሁ!

ጥቅምት 30፣ ማታ
ሐረር ስልክ ደወልኩ። ቀዶ ሐኪሙ አላያትም! ካርድ ክፍል «ነቀርሳ» ሲያነብ የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ፣ መስሎት ከሳንባ ሕመምተኞች ጋር አስተኝቷታል። አምስት ቀን። ጥፋቱ የኔ ቃል ነው። እንቅልፍ የለም።

ኅዳር 1
ሐረር ሄድኩ። ኤዶ አልጋ ላይ፣ የአክታ ጣሳ ታቅፋ።
«አንቺ ልጅ! እግር ይዤ መጣሁ፣ እስኪ ሳዪ ይሉኛል። ብስል ደግሞ አክታሽ የታለ ብለው ይቆጡኛል!»
ክፍሉ በሙሉ ከሳቁ ብዛት ሳል በሳል ሆነ። እኔ ግማሽ ሳቅ፣ ግማሽ ለቅሶ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ወረቀቱን ሰርዤ ካንሰር ብዬ ጻፍኩ፤ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ራሴ ይዣት ገባሁ። ቀዶ ሕክምናው ከነገ ወዲያ ይሠራላታል።

ኅዳር 24
ከሐረር ተደወለ፤ ያዘ! ከጭኗ ተወስዶ የተለጠፈው ቆዳ ያዘ! የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ንጹሕ ነው፤ አ.አ. አረጋግጧል። ኤዶ «ጭኔ ቅልጥሜ ላይ ወረደ፣ ይኸው አረጀሁ» ትላለች አሉ። ኮሪደሩን እየዘለልኩ አለፍኩት። ታይቻለሁ፤ ምን አገባኝ።

ታኅሣሥ 19
በሁለት እግሯ መጣች! የወተት ጀሪካን በአንድ እጇ፣ በሌላው አሮጌ ጠባሳ ያላት ጎረቤቷን እየጎተተች። ሐርሺን እንዲህ ያለ ብዙ እግር አለ አለችኝ። ከጅግጅጋ ለመውጣት የጻፍኩት የዝውውር ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቀደድኩት። ነገ ሐርሺን እሄዳለሁ፤ አስተርጓሚዬ ኤዶ። ሪፈሮቹን ከወዲሁ እየጻፍኩ ነው። ሁሉም ላይ የካንሰር ጥርጣሬ፤ ከሥሩ በትልቁ፦ እግር!