ከአባባ ጋር ተቃጠለ ስላልሽኝ ቦርድ

ለምወድሽ እህቴ ለሳዮኮ፣

እንዴት ሰንብተሻል እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በሻይ እያታለልሽው ነው? አማቼ ቴትሱሮስ ወገቡ ተሻለው? ሐኪሙ የዓሣ ሳጥን እንዳያነሳ ከልክሎት እንደነበር እማዬ ነግራኛለች፤ እሱ ግን መቼ ሰው ይሰማል። ልጅሽ ሆኖካስ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ኦሳካ ዝናቡ ገብቶ ልብስ አልደርቅ ብሎናል።

ይህን በስልክ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺን አውቅሻለሁ፤ የማትወጂው ነገር ሲነሳ ትስቂና ስለ ዓሣ ዋጋ ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ብትናደጂም እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

የምጽፍበት መጽሔት ባለፈው ወር ሥራ ሰጠኝ። የሰማንያዎቹን የጌም ቤት ጌሞች ሰብስቦ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ። አምና ስብስቡን አወጣ፤ ዘንድሮ ደግሞ ሰባት ጌሞች የያዘ ተጨማሪ ሊያወጣ ነው። ቀድመው ላኩልንና የመጽሔቱ ሰዎች “ገምግመህ፣ ይገዛ አይገዛ ንገረን” አሉኝ። እኔ እንደሆንኩ ተጨማሪ የሚባል ነገር ሲመጣ ቀድሜ የማስበው የድስት ቅሪት ነው። ስድስቱን በየተራ ተጫወትኩ። አንዱ ድምፁ ይዘገያል፣ ሌላው ቀለሙ ከድሮው ፈዟል፣ የቀሩት ደህና ናቸው። ሰባተኛውን ስከፍት ግን ርዕሱን ሁለቴ አነበብኩ። “የቀበሮ ፋኖስ” ይላል።

የአባባ የቀበሮ ፋኖስ! ያኔ ታስታውሻለሽ፣ ጌም ተሠርቶ ሳያልቅ ለሦስት ቀን አንድ ጌም ቤት ይተከልና ሠሪዎቹ እንደ መንገደኛ ከኋላ ቆመው ሰው የቱ ላይ እንደሚሞት በማስታወሻ ይይዙ ነበር። አባባ ሦስቱንም ቀን ቆሞ ዋለ። አንደኛው ቀን የአንቺ ምርቃት ነበር፤ አልመጣም። ሰውም አንድ ሳንቲም እየከተተ፣ ጌሙ ውስጥ ያለው ድልድይ ላይ እየወደቀ፣ ከወንበሩ እየተነሳ ሄደ። አለቆቹም ጌሙን ተዉት። ጌሙ የተጫነበት ቦርድ፣ ያ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አባባ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት አመጣው።

መጀመሪያ “ውሸት ነው” አልኩ። ዛሬ አዲስ ጌም ሠርቶ “ጠፍቶ የተገኘ” እያሉ መሸጥ የተለመደ ነው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ። ስለዚህ እጄን ከመጫወቻው አንስቼ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ቀበሮዋ ቁጭ አለችና በኋላ እግሯ ጆሮዋን አከከች። ያንን አባባ ያስገባው አንቺን ስላሳቀሽ ነው። ከቤታችን ሰው በቀር ማን ያውቀዋል? አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ከዚያ የሠሪዎቹን ዝርዝር አየሁ። የስድስቱ ሠሪዎች በስማቸው ተጽፈዋል። በአባባ ጌም አንጻር ግን “ሠሪው አይታወቅም” ይላል።

ደሜ ፈላ። ዕድሜውን በሙሉ፣ ሌላ ድርጅት ሠሪውን እንዳይነጥቅ ተብሎ ስሙ በአንድም ሥራው ላይ ሳይወጣ የኖረ ሰው፣ ዛሬም አይታወቅም? ድርጅቱ ውስጥ ናሩሴ የሚባል ትሑት ሰው አለ፤ ደወልኩለት። “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቦርዱን የሰጡን ሰው ሁለት ነገር አስገድደውናል። የእሳቸውም ስም እንዳይነሳ፣ የሠሪውም ስም እንዳይጻፍ” አለኝ። ማን ናቸው ብዬ ብጠይቀው “እኔ ቃል ገብቻለሁ ጋሼ፣ አያስጨንቁኝ” ብሎ ዘጋው። ነገሩ ነገር አለው አልኩ። ያ ቦርድ ከአባባ እግር ሥር ሬሳ ሳጥን ውስጥ ገብቶ አብሮት እንደተቃጠለ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ባቡር አምልጦኝ የደረስኩት ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ታዲያ ማንን ጠረጠርኩ መሰለሽ? ያስገነዙትን አቶ ኢጋራሺን! ሳጥኑን ከፍተው ሰርቀዋል ብዬ፣ በዝናብ እየበሰበስኩ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው ጉድ አሉ። “አንተ ልጅ ጤና የለህም እንዴ? እኛ መነጽር እንኳ አናስገባም፤ ብረትና ባትሪ እቶኑን ያበላሻል። እህትህ ቆማ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኳት። በአባትህ የሥራ ጃኬት ጠቅልላ በጓሮ ይዛው ወጣች። ለወንድሜ እንዳትነግር ብላ አስምላኛለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ግን ይበቃል” አሉኝ። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቂኝ። ከተቃጠለ በኋላ እንደ ልማዳችን አጥንቱን በረጃጅም እንጨቶች ከአመዱ ስንለቅም እኔ አመዱ ውስጥ የቀለጠ ብረት ስፈልግ፣ “ምን አጣህ?” ብለሽኝ ነበር። አንቺ እያወቅሽ! እኔ ጅሉ፣ እሳቱ በልቶት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ክፉ ነገር አሰብኩብሽ። የምርቃትሽን ቀን ቂም ይዘሽ አባባን ስም አልባ ያደረግሽው መሰለኝ። ከዚያ ናሩሴን ቦርዱ የመጣበትን ሳጥን ፎቶ ለመንኩት። ላከልኝ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁት፤ እርጥበት መምጠጫው የተቀየረባቸው ቀኖች ተጽፈዋል። አሥራ አንድ ናቸው፣ ከ2008 እስከ 2018፣ ሁሉም ማርች 9፣ አባባ የሞተበት ዕለት። ጽሕፈቱ የአንቺ ነው። እናንተ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ያለ የዝናብ ወር ስለሌለ በየዓመቱ መቀየር አያስፈልግሽም ነበር። ቂመኛ ሰው እንዲህ አያደርግም እታለም።

የዋሸሽኝን ይቅር ብያለሁ፤ በቀብር ቀን ጠብ እንዳይነሳ ብለሽ ይሆናል። ስሙን ያስከለከልሽው ግን አልገባኝም፣ አሁንም እጠረጥራለሁ። አባባ ራሱ ነው “ስሜ አይነሳ” ያለሽ? ያኔ ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ወድቆ ተነስቶ ሲሄድ አባባ አፍሮ ነበርና ሊል ይችላል። ወይስ አንቺ ነሽ? አባባ ብሎ ከሆነ አፌን እዘጋለሁ፣ ሆድ ይፍጀው። ያንቺ ከሆነ ግን አልስማማም። ግምገማውን የማስረክበው ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ አርብ ነው። እስከዚያ መልስሽ ካልደረሰኝ፣ ይህን ጌም የሠራው ኢሳሙ ሆሪኡቺ ነው ብዬ እጽፋለሁ።

ለቴትሱሮ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ የዓሣ ሳጥኑን ተው በይው። እማዬ ሁላችሁንም ስማችኋለች፤ ስለ ቦርዱ ምንም አልነገርኳትም፣ ወይስ እሷም ታውቃለች? ለሆኖካ ናፍቆቴን ንገሪያት። ተጨማሪውን ቀድማ እንዳዘዘች ጽፋልኛለች፤ ያንን ድልድይ አሥር ጊዜ ወድቃ “የትኛው ክፉ ነው የሠራው?” ማለቷ አይቀርም። ያኔ አጠገቧ ተቀመጪና አያትሽ ነው በያት።

ወንድምሽ ሹንጂ

ኦሳካ፣ ኒፖንባሺ
ጁን 14 ቀን 2019