መርዶውን ያቆዩት መምህር ውድነህ

መምህር ውድነህ መንገሻ ከአባታቸው ከአቶ መንገሻ ተገኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ አለሙ፣ በዚህ በእስራኤል አቆጣጠር በ1956 በጎንደር፣ ደምቢያ ተወለዱ። በመታወቂያቸው ላይ ያለውን ቀን የሰጣቸው እዚህ ሲገቡ የመዘገባቸው ጸሐፊ ነው። እናታችን ግን ማሽላ ሲታጨድ ነው የወለድኩት ትል ነበር፤ እኔ የማምነው እሷን ነው። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ብርሃነሽ ነኝ።

ፊደል የቆጠሩት በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ጎንደር ከተማ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው በደምቢያ ሒሳብና ስፖርት አስተምረዋል። በ1979 ከወይዘሮ አገኘሽ ጋር ጎጆ ወጡ። በ1984 ቤተሰቡን ይዘው በሱዳን በኩል ተጓዙ። አባታችንን እዚያው ሱዳን ቀብረን በ1985 እስራኤል ገባን።

በመርከዝ ክሊታ፣ በአዲስ ገቢዎች ማረፊያው፣ ቋንቋውን ከተማሩ በኋላ ኔታንያ፣ ኪርያት ኖርዳው ኖሩ። የጎንደሩ ወረቀት አይበቃም ሲሏቸው እንደገና ተምረው፣ በ1990 በከተማው በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። ከትምህርት በኋላ «ሞሬ»፣ መምህር ማለት ነው፣ የሚሏቸውን የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ሩጫ ያሠለጥኑ ነበር። ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ልጆቹ በቁምጣ፣ እሳቸው በክራቫት። አንድ ልጅ ከልምምድ ከቀረ ቤቱ ሄደው አባቱን ይቆጡ ነበር። አባቶቻችሁም ይፈሯቸው እንደነበር እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ለሰው የምትተርፉት በእሳቸው ነው፤ ይህ ሐቅ ነው፣ ማንም አይወስድባቸውም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ወንድሜ ሳላነበው እንዳይቀበሩ ያዘዙኝ ነገር አለ። ሳነበው አፍራለሁ፤ እሳቸውም ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

በ2003 የጸደይ ወራት፣ የአቶ መለሰ ልጅ ሳፒር ለአገር አቀፉ የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ማጠቃለያ አለፈች። ከኛ ሰፈር ከዚያ በፊት ያለፈ አልነበረም። ከጓደኞቿና ከአሠልጣኟ ከወንድሜ ጋር ቴል አቪቭ አደረች። ዓርብ ጧት አባቷ ሆስፒታል ውስጥ ድንገት ዐረፉ። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ስማቸው ለወንድሜ ደወሉና መርዶውን ነገሯቸው። ቀብሩ ሰንበት ሳይገባ ቀትር ላይ ስለሆነ ልጅቱን አሁኑኑ ይዘዋት እንዲመጡ፣ መንገድ ላይ ግን ምንም እንዳይነግሯት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቷ እንደሚያረዳት አስጠነቀቋቸው። ባህላችን ይኸው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም።

መምህር ውድነህ እሺ አሉ። ግን አላመጧትም። ሩጫው በረፋዱ ስለነበረ ለቀብሩ እንደርሳለን ብለው አሰቡ። ውድድሩ ዘገየ። ሳፒር አንደኛ ወጣች። ከዚያም ለሽልማቱ ቆሙ፣ ከዚያ ለፎቶግራፉ፣ ከዚያ የዓርብ የመኪና ሰልፍ ያዛቸው። ስልካቸውን አጥፍተውት ነበር።

ሰፈር ሲደርሱ ሰዉ ከመቃብር ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ልጅቱ ሜዳልያውን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ከሚኒባሱ ወረደች። የሚጠብቋት ለደስታ መስሏት እየሳቀች ነበር የገባችው። እናቷ ጸጉሯን ስትነጭ አየች። ስታለቅስ ቆይታ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«ሞሬ፣ ከጧት ጀምሮ ያውቁ ነበር?»

 የመለስንላት እኛ ነን። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ መምህሩ ባህሉን ጠብቀው ነው አልናት። እሳቸውም በኛ ቃል ተሸፈኑ። ሳፒር ከዚያ ወዲህ አልሮጠችም። በሷ ድል ትምህርት ቤቱ ያገኘው ዋንጫ መግቢያው ላይ ተቀመጠ፤ ወንድሜ በዚያ በር መግባት ትተው በጓሮው መግባት ጀመሩ። እኛ ጉልበታቸውን አሟቸው ደረጃውን ፈርተው ነው እንል ነበር።

ለእርቅ ወደ ሳፒር ሽማግሌ እንላክ ብላቸው እምቢ አሉ። አውቶቡስ ውስጥ ካዩዋት በሚቀጥለው ፌርማታ ይወርዳሉ። ስንቱን አባት በሩ ድረስ ሄዶ የሚቆጣ ሰው የአንዲትን ልጅ በር ማንኳኳት አቃተው።

በ2013 ጡረታ ወጡ። ኩላሊታቸው ደከመ፤ ባለፈው ክረምት ከአልጋ ዋሉ። ያን ጊዜ ነው አንድ ቀን የጠሩኝ። «ብርሃነሽ፣ ባህሉን አልጠበቅሁም። ዋንጫውን ነው የጠበቅሁት። ለሷ ብዬም አይደለም፤ ከኛ አንዱ ከላይ ቆሞ ማየት ፈልጌ ነው» አሉኝ። ደግሞም ሲሞቱ ለሷ መርዶ እንዳይቆይባት፣ ከማንም ቀድሞ በግልጽ እንዲነገራት አስማሉኝ። መምጣትም መቅረትም የሷ ፈንታ ነው አሉ።

መምህር ውድነህ መንገሻ ዛሬ፣ መጋቢት 2015፣ ጎህ ሲቀድ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። አጠገባቸው አገኘሽና እኔ ነበርን። ልጆቻቸው ሊሮንና ናኦር በየቤታቸው ነበሩ። ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ፤ በመጀመሪያ የደወልኩት ለናንተ አይደለም፤ ለሳፒር ነው። እሷ ዛሬ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ትኖራለች፣ የልጅ እናት ሆናለች። ስሜን ነገርኳት፣ ወንድሜ እንደሞቱ ነገርኳት፣ የቀብሩን ሰዓት ነገርኳት። 

«ለልጆቹ ተነግሯቸዋል?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት። «በፊት ላንቺ እንድነግር ነው ያዘዙኝ።»

«በሉ ዝጉና ለልጆቹ ደውሉ» አለችኝ። «አንድ ደቂቃ አታቆዩባቸው።»

መምህር ውድነህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አገኘሽን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ቃኘውን፣ እኔን እና እናንተን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን። እኛ ያን ቀን በድንኳኑ ውስጥ ስለ ባህል ያስተማርናትን ልጅ ግን፣ እዚህ መካከላችን ቆማ ከሆነ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ወንድሜ የሉም። እኛ አለን።