ከኋላዬ የሚመጣው ሞተር

ሰኞ ጥር 13፣ ጠዋት። ደ/ታቦር

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ጥሩዬ ናት። እኔ ፈንቴ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እላለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከራሷ አንድ ቃል እንዳትጨምር አስምያታለሁ።

ስማ ደብተር። ዛሬም የባዬን ሞተር አስነስቼ እስከ ጋፋት ደርሼ መጣሁ። ሞተር ቆሞ ከዋለ ይሞታል። ሚስቱ ወ/ሮ አስረበብ፣ አያ ፈንቴ አደራ፣ ብላ ቁልፉን ከሰጠችኝ ወዲህ በየጊዜው አሞቃታለሁ። ባዬ የሥራም የሜዳም ጓደኛዬ ነበር። አምና በመርቆሬዎስ ዕለት፣ ሕዝብ እያየው፣ ሞተሯን በአንድ ጎማ ሲያነሳ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ጥቂት ቀን ተኝቶ ሞተ። አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ቀኝ እጁ አላረፈም። የብርድ ልብሱን ጠርዝ ጨብጦ ይጠመዝዛል። ቤንዚን ይሰጣል።

መንገዱ ጭር ያለ። ነፋስ የለም። ከኋላዬ ሞተር ይመጣል። ይለፈኝ ብዬ ዳር እይዛለሁ። አያልፍም። እዞራለሁ። አቧራ እንኳ የለም።

ጥሩዬ መጻፉን ትታ ታየኛለች። ጻፊ።

ረቡዕ ጥር 15፣ ከሰዓት

መናኸሪያው ጋ የሞተር ልጆች ከበቡኝ። አንዱ ፈላጣ፣ አያ፣ ዘንድሮ በከዘራ ነው የሚያነሷት ወይስ እኛ ከፊት እንሳብልዎ? አለኝ። አባትህ በሁለት ጎማ መቆም ሳይችል እኔ በአንድ እሄድ ነበር አልኩት። የባሰ ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ፤ አላሳየኋቸውም።

ማንሳት ስልህ፣ ደብተር፣ የፊት ጎማዋን ከመሬት አስለቅቆ በኋላኛው ብቻ መንዳት ነው። እነዚህ ልጆች ለታይታ የተማሩት ነው። እኔና ባዬ የክትባት በረዶ ሣጥን ከኋላ አስረን የጉናን ሥር ስንዞር ነው የለመድነው። ቦይ ይገጥምሃል። የፊቱን ካላነሳህ በአፍንጫህ ትተከላለህ። ወደ ሜዳ የወጣነው በኋላ ነው። በመርቆሬዎስ ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን በኋላ እግሩ ሲያቆሙት አየን። እኛም ሞተራችንን አቆምን፣ ጎን ለጎን። ሴቱ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ ቀርተን አናውቅም።

ሽማግሌ ይተወው የሚል አለ። ማን ነው እሱ? ሞተር በጉልበት አይነሳም። በጆሮ ነው። በእግር ጣት ነው። ድምጿን ትሰማለህ፣ የኋላ ፍሬኑን በጣትህ ጫፍ ትጠብቃለህ። በቃ።

ጥሩዬ፣ ታዲያ ባዬ ምን ሆኖ ወደቀ? አለችኝ። ጥያቄሽንም ጻፊው አልኳት።

ቅዳሜ ጥር 18፣ ማታ

ወ/ሮ አስረበብ ከገበያ ስትመለስ ገባች። ጥቁሯን አላወለቀችም። የቀረበላትን አልነካችም። በየጠላ ቤቱ፣ በሽምግልናው ሲቀብጥ ሞተ፣ እያሉ በባሏ እንደሚስቁበት ነገረችኝ። ሞቱን ችላለች፤ ሳቁን ግን አልቻለችም። አያ ፈንቴ፣ እሷኑ ሞተር ይዘው፣ እዚያው የወደቀበት ሜዳ ላይ ያንሱልኝ። ሽምግልና እንዳልጣለው የሚስቁት ይዩት፣ አለች።

እሺ አልኳት። በመርቆሬዎስ ብዬ ማልኩላት። ምን እላለሁ?

ሴትዮዋ እንደ ወጣች ጥሩዬ ተነሳች። አረብ አገር የሰው አባት ገላ ሳጥብ፣ የወደቀ ሽማግሌ ከመሬት ሳነሳ ኖሬ መጣሁ፤ እርስዎን አላነሳም፣ አለችኝ። አንቺን ማን አንሺኝ አለሽ አልኳት። ማን አለዎት ታዲያ? አለች።

እውነቷን ነው። እሷም ከእኔ ሌላ የላትም። እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። ወረቀቱን እንዳታረጥቢው።

እሁድ ጥር 19፣ ከቅዳሴ መልስ

ዛሬ ለየሁት። አንድ ዓመት የሚከተለኝን ድምፅ ለየሁት።

የባዬ ሞተር ነው ስል ከረምኩ። እንዴት ይሆናል? የባዬ ሞተር ላይማ እኔ ተቀምጫለሁ። የምሰማው የራሴን ሞተር ነው። ማርሚታዋ ተሰንጥቆ ጭሱ በስንጥቁ ስለሚወጣ ታስላለች። በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። በዚህ አገር እንደሷ የምታስል የለችም። እኔ የእሱን ይዤ ስወጣ፣ እሱ የኔን ይዞ ይከተለኛል።

በርሬ ቤት ገባሁ። የኔዋ ጓዳ እንደ ተቆለፈባት ቆማለች። ጎኗን ዳበስኩ። በረዶ።

ጥሩዬ ጠበል እንሂድ ትላለች። ጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት እንዲያደርሱልኝ። አላበድኩም። ጆሮዬ ነው እስከ ዛሬ ያኖረኝ።

ማክሰኞ ጥር 21፣ ጠዋት

ልጄ ሳትነቃ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ውርጭ አለ። ለመሞከር ነው። ጉልበቴ ይችል እንደሆነ ለማየት አይደለም፣ እንደሚችል አውቃለሁ።

ከኋላዬ ያቺ ሳል። ቀረበች። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፣ ቤንዚን ሰጠሁ፣ ተነሳች። እንደ ላባ። ደብተር፣ እንደ ጎረምሳ ነው ያነሳኋት! ሰው አለማየቱ ቆጨኝ።

ያኔ ድምፁ ጸጥ አለ። የፊት ጎማዋ አየር ላይ ሳለች ከኋላዬ ምንም የለም። እፎይ አልኩ። መውረዱን ጠላሁት። እጄን ተመለስ አልኩት። አይመለስም። ይጠመዝዛል። ቤንዚን ይሰጣል። የኔ እጅ አልመስልህ አለኝ፤ ያን ብርድ ልብስ የጨበጠ እጅ ነው የታየኝ። እግሬ ፍሬኑን አገኘ። ወረደች። ለትንሽ ነው የተረፍኩት።

ሳሉ ተመለሰ። የሚስቅም መሰለኝ።

ጥሩዬ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አልጮኸችም። ጫማዬን አወለቀችልኝ። እንደሱ ከማድረግ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጥር 23፣ ማታ

በእብናት መንገድ ላይ ካለ መንደር ቀብር ውዬ መጣሁ። ሟቹ የታወቀ ፈረሰኛ ነው። ከተማ የቀረው ወግ እዚያ አልቀረም። ፈረሱን በሙሉ ዕቃው ጭነው ለቅሶው መሐል አወጡት። ካባው ኮርቻው ላይ ተነጥፏል። ጋሻው ተንጠልጥሏል። ወንድሙ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይስባል። ማንም አልተቀመጠበትም። ማንም ዝለል አላለውም። አስለቃሿ ባዶውን ኮርቻ እያየች ግጥም ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ይነፋረቃል። ያን ሰውዬ ያላየው ሁሉ አየው።

የሟች ፈረስ ላይ ማን ይቀመጣል? ከልጅነቴ የማውቀው ነውር ነው። ሞተር ስለሆነች ብረት ናት አልኩ፣ ኮርቻ መሆኗን ረሳሁት። ዓመት ሙሉ የባዬ ቦታ ላይ ተቀምጬ፣ ለምን ይከተለኛል እላለሁ። የት ይቀመጥ?

ለጥሩዬ ነገርኳት። ብዕሩን አስቀምጣ ተነሳች። እራት አቀረበች፣ ሁለታችንም አልበላንም።

ዓርብ ጥር 24፣ አመሻሽ

ወ/ሮ አስረበብ ዘንድ ሄድኩ። ቆሜ ነው የነገርኳት። ሞተሯን አላነሳም አልኩ። ፈሩ እንዴ አያ ፈንቴ? አለች። ፈርቻለሁ አልኳት። ለሰው ብዬው የማላውቀው ቃል ነው። ማክሰኞ አንስቻለሁ፣ እችላለሁ፣ ያየ ግን የለም፤ አንቺ እመኚኝ አልኳት። ስለ ቀብሩም፣ ስለ ባዶው ኮርቻም ነገርኳት። መሐላዬን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ።

ጓዳ ገብታ የባዬን ካፖርትና ቆብ አመጣች። በመዳፏ አራገፈችው። ኪሱ ውስጥ የደረቀ ሽምብራ ነበር፣ አልጣለችውም፣ እዚያው መለሰችው።

እንግዲህ ነገ በመርቆሬዎስ እንዲህ ነው። ፈረሰኞቹ ሲጨርሱ የባዬን ሞተር አወጣለሁ። አላስነሳትም። አልቀመጥባትም። ካፖርቱ ኮርቻዋ ላይ፣ ቆቡ መሪዋ ላይ። እኔ ከጎኗ በእግሬ፣ በእጄ እየገፋሁ ሜዳውን አቋርጣለሁ። ወ/ሮ አስረበብ ከኋላ። ጥሩዬም እመጣለሁ ብላለች። የመናኸሪያ ልጆች ያፏጩ ይሆናል። ሽማግሌው ፈራ ይላሉ። ይበሉ። ሲያረጁ ያንሱ ወይም ይተዉ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። እኔ የተውኩት በራሴ እጅ ነው።

ከኋላዬ እያሳለ ከመጣም ይምጣ። ከእንግዲህ ዳር አልይዝለትም።

ጥሩዬ፣ በቃ። አሁን ከላይ ጀምረሽ መልሰሽ አንብቢልኝ። አላነሳም ያልኩበት ላይ ስትደርሺ ጮክ በይ። ቆይ፣ መጀመሪያ የኔ ሞተር የቆመችበትን ጓዳ በር ክፈቺው፣ እዚያም ይሰማ።