ፍራሽ ጋቢና አይቀመጥም

ለተከበሩ ጋሼ ዱባለ፣ የሰባተኛ ሰፈር ስፖንጅና ፍራሽ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ እንዲሁም በራስዎ ጥቆማ የመኪና መረጣ ኮሚቴው ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ሰባት ወር ሙሉ ከአንዱ መኪና መሸጫ ወደ ሌላው እየዞሩ ወንበር ሲሞክሩ የከረሙ ሰው ነዎትና፣ ይህን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እየሳቅሁ ስለሆነ፣ የእጅ ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ በንዴት እንዳይመስልዎት።

ፍራሻችንን የምታመላልስ አንዲት ፒክአፕ እንድትገዛልን የወሰንነው ጥር ላይ ነው። እኔም ያንን ተማምኜ ቡታጅራ ለሚገኝ የተማሪዎች ማደሪያ ስልሳ ፍራሽ ላደርስ ቃል ገባሁ። ተማሪዎቹ የሚገቡት መስከረም ላይ ነው፤ እስከዚያ ካላደረስኩ ሌላ ነጋዴ እንደሚፈልግ ደንበኛዬ በጨዋ አፍ ነግሮኛል። ነሐሴ ደግሞ እንደሚያዩት እየተገባደደ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ሞተሩ ጥልቅ ጥናት። ሁለት ነጥብ አራቱ ናፍጣ ይሻላል ወይስ ሁለት ነጥብ ስምንቱ በሚለው ላይ ኮሚቴው አራት ወር ፈጀ። የኮሚቴው አባል ኸይረዲን «ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳታል» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ እኔም ነበርኩ። ጋሼ፣ የምንሸጠው እኮ ስፖንጅ ነው። አንድ ተሸካሚ ከሲኒማ ራስ እስከ ሰባተኛ አራቱን ደርቦ በአናቱ ይዞ ይሮጣል፣ የሚያሰጋውም ክብደቱ ሳይሆን ነፋሱ ነው።

2. ናፍጣው ተወሰነ ስንል ሊገባ ነው የተባለው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ወሬ ተሰማና ነገሩ ከሀ ተጀመረ። ቻርጁ ቡታጅራ ደርሶ ይመልሰው እንደሆን በሦስት ስብሰባ ተከራከራችሁ። መኪናው ገና መርከብ ላይ ነው። መርከብ ላይ ያለ መኪና ቻርጅ ስለማይጨርስ፣ በቁጠባ በኩል እንከን አላገኘሁባችሁም።

3. ዋናው ይሄ ነው። ቃለ ጉባኤውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። «ጋቢና» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ዕቃ የሚጫንበት «ካሶኒ» ግን አንዴም የለም። ለመጨረሻው ምርጫ የቀረቡት ናፍጣውም ኤሌክትሪኩም ደብል ጋቢና ናቸው፤ አምስት የኮሚቴ አባል በምቾት ይቀመጥባቸዋል። ቅዳሜ ዕለት ከጎረቤቴ ከሀፍሷ ጋር የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘን ናፍጣው የቆመበት መኪና መሸጫ ሄደን ለካን። ፍራሻችን አንድ ሜትር ከዘጠና፣ ካሶኒው አንድ ሜትር ከሃምሳ። ቀሪው አርባ ሳንቲ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ የነሐሴን ዝናብ ይጠጣል ማለት ነው። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፣ «እናቴ፣ አጥፋችሁ ጫኑት» አለን። ሀፍሷ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ሊቀመንበራችንም ይታጠፋሉ፣ ግን አጥፈን አንጭናቸውም።»

4. አራተኛ ቅሬታ የለኝም። ኮሚቴው ሦስት ላይ አቁሞ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ነው ቁጥሩን የጻፍኩት።

በዚህ ሁሉ ውለታዎ ተበረታተን፣ እኔና ሀፍሷ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ከአርባ ስድስት አባላት ሠላሳ አንዱ ለሲንግል ጋቢና፣ ለረጅም ካሶኒና ዛሬ እዚሁ አገር ውስጥ ቆሞ ለሚገኘው ሁለት ነጥብ አራት ናፍጣ ፈርመዋል። ኸይረዲንም ፈርሟል፤ ጠረጴዛ ሳይመታ። ከግማሽ በላይ አባል ከፈረመ ኮሚቴው እንደሚበተን ደንባችን ይላል፣ ደንቡን ያረቀቁትም እርስዎ ስለሆኑ አንቀጹን አልጠቅስልዎትም። የመኪናዋ ርክክብ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ጭነት ይዘን ቡታጅራ ነን።

ወገብዎን ፈጣሪ ያጽናልዎ፣ ከእንግዲህም የሚያሳርፍ እንጂ የሚያሟግት ወንበር አይግጠምዎ እያልኩ፣ ለመቀመጫ ባለዎት አክብሮት ዘወትር የምደነቀው

ታናሽ እህትዎ ባይነሽ
ፍራሽ ነጋዴ፣ ሰባተኛ

ማስታወሻ፦ ሲንግል ጋቢናዋ ከሾፌሩ ሌላ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ባለፍራሹ፣ አንዱ አውራጁ። ቡታጅራ ድረስ ሊሸኙኝ ካሰቡ ግን ቅር አይበልዎት፣ በተጫነው ፍራሽ አናት ላይ ቦታ ይዤልዎታለሁ። ከፍ ብለው መቀመጥ እንደሚወዱ ሁላችንም እናውቃለን።