ስሙ ያልተጠራ «እሱ»

ይድረስ ለድሮ ባልደረባዬ፤

አላገባሁም። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ የወረደው ወሬ ሐሰት ነው። ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምሁት ስሕተት አይቼ ማለፍ ስለማልችል ነው፤ ያውቁኛል። አሁን አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? የታከሙት ዓይንዎ ተሻለዎ? ልጆችዎስ ይጠይቁዎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ የደሴ ብርድ ብቻ ከወገቤ አልወጣ አለ።

ወሬው የተነሣው ከራሴ አፍ ነው። ሰኞ ገበያ ትርንጎ ስመርጥ ጎረቤቴ መዲና አገኘችኝና፣ እትዬ፣ ይኼ ሁሉ ለማን ነው አለችኝ። «እሱ ይወዳል» አልኋት። እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ደብቀውን ኖሯል፣ ሠርጉንስ ማን በላው ብላ ሳቀችብኝ። በእኛ አገር ስም ሳትጠራ «እሱ» የምትል ሴት ባሏን ማለቷ ነው። አርባ ዓመት ያስተማርሁት ደግሞ ተውላጠ ስም በስም ፈንታ እንደሚገባ፣ ስሙ አስቀድሞ ካልተጠቀሰ ሰሚው እንደሚሳሳት ነበር። መዲና ስሙን ብትጠይቀኝ ትርንጎዬን ታቅፌ ሄድሁ።

ያን ጊዜ አብረን ስናስተምር የሰጡኝ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። «እኛ አንድ ቤት ብንሠራ» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እኔ «እኛ» በሚለው ሥር በቀይ አስምሬ፣ «ማንና ማን? ግልጽ አይደለም» ብዬ መለስሁልዎ። በማግሥቱ አስተማሪዎች ክፍል ትርንጎ እየላጡ፣ ሁልጊዜ «አንቺ» ሲሉኝ የኖሩት፣ «እርስዎ» አሉኝ። ለተማሪዎቼ «እርስዎ» የአክብሮት ነው እያልሁ አስተምር ነበር፤ ያን ዕለት ግን እንደ ተሰደበ ሰው አለቀስሁ። በዓመቱ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወሩ፤ እዚያም ትዳር ያዙ። ባለቤትዎ ሲያርፉም ለቅሶ መጥቼ ከሴቶቹ መካከል ተነሥቼ ሳላነጋግርዎ ተመለስሁ። አላህ ጀነት ያግባቸው።

እርማቱ ስሕተት ነበር። «እኛ» ግልጽ ነበር።

አማርኛ ተውላጠ ስሙን ግሱ ውስጥ ይሸሽጋል። «መጣህ» ካልን «አንተ» ማለት አያሻም፤ ውስጡ አለ። ይህን ሳስተምር ድምፄ ለምን እንደሚሰበር ተማሪዎቼ አልጠየቁኝም።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ቤትህን ከክፉ ይጠብቀው። ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ኮምቦልቻ ለሚመላለሰው ሹፌር ለሀምዱ እሰጣለሁ። ቀጥሎ የእንግዳ ክፍሉን ከፍቼ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄጄ እቆማለሁ። ካላየሁህ በስሜ ጥራኝ።

ባልደረባህ