ሮዳጁ ሳያልቅ ክኒኔን ላስጣሉኝ ሊቀ መንበር

ይድረስ ለተከበሩ ኦፓኒን ክዋቤና ዶንኮር፣ የኩማሲ የላይኛው ረድፍ ሞተር አዳሾች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የሞተር፣ የካምቢዮና ሰሞኑን ደግሞ የሰው ልብ ሊቅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ እርስዎን በመስማቴ ከደረሰብኝ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ ቢቀር ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው።

፩. አምና የልቤ ደም ስር ጠቦ አክራ ላይ ስቴንት የሚሉትን የሽቦ ቱቦ ሲያስገቡልኝ፣ ሐኪሟ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ክኒኖች ሰጥታ፣ ሰውነቴ ቱቦውን እስኪለምደው ዓመት ሙሉ እንዳላቋርጥ፣ መድማት ካስቸገረኝም መጥቼ እሷኑ እንድጠይቃት አስጠንቅቃኝ ነበር። ምን ታድርግ፣ የተማረችው ሕክምና ብቻ ነው። እርስዎ ግን መፍቻ አምልጦኝ ጣቴ ተልጦ፣ ደሜ አልቆም ብሎ የደንበኛ መቀመጫ ባበላሸሁ ጊዜ፣ በጠቅላላ ስብሰባ ፊት ተነሥተው ክኒኑ ደሜን ውኃ እንዳደረገው አረጋገጡልኝ። ያሉትንም ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ወንድሜ ክዋሲ፣ ዕቃው ከገባ ሥራው አለቀ። እነዚህን ክኒኖች ጣልና እንደ ወንድ ሥራህን ሥራ።» ተጨበጨበልዎ። እኔም አጨበጨብኩ።

፪. እርስዎ የታደሰ ሞተር ይዞ የማለማመጃ ጊዜውን፣ ሮዳጁን ሳይጨርስ ነዳጅ የሚረግጥ ሹፌር ሲያዩ ዘር ማንዘሩን የሚሰድቡ ሰው ነዎት። ለብረት እንዲህ የሚራሩ አባት የእኔ ልብ ሮዳጅ አያስፈልገውም ማለትዎ ከብረት እንደማንስ አስተምሮኛልና እጅ እነሣለሁ።

፫. ክኒኑን ትቼ ብዙም ሳልቆይ፣ ፉፉዬን እየበላሁ ሳለ ደረቴ ላይ የጭነት መኪና የቆመ መሰለኝ። ባለቤቴ አፍራኮማ እየጮኸች በታክሲ ወሰደችኝ። ቱቦው ውስጥ ደም ረግቶ ደፍኖት ኖሯል። ሐኪሞቹ ከፈቱት፤ የልቤ ጡንቻ አንዱ ወገን ግን ሞቶ ቀርቷል። በዚያ መሀል የእኅቶቼ ልጆች ለቀብር ፖስተሬ ፎቶ መርጠው ነበር፤ ያውም ያንን የማልወደውን ኮፍያ ያደረግኩበትን። ዛሬ የሞተር ብሎክ ማንሣት ቀርቶ የመፍቻ ሳጥኔን ይዤ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ አርሯል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምስጋና እየጻፍኩ መሆኔን ልረሳው ነበር።

፬. ምክርዎ በእኔ ብቻ አላበቃም። በፋሲካ ሰሞን ስቴንት የገባለት ራዲያተር ሠሪው ዬቦዋ በዚህ ሳምንት ክኒኑን አቁሟል። ለምን ብዬ ብጠይቀው የእርስዎን ንግግር በቃሉ ወረደልኝ። የእኔን መውደቅ ባስታውሰው፣ «ያ የአንተ ዕድል ነው፣ ሊቀ መንበሩ ያሉት ግን አልተሻረም» አለኝ። ለምኜዋለሁ፤ አፍራኮማም ደጁ ድረስ ሄዳ ለምናዋለች። እሱ ግን አልሰማንም። የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነው፤ ልጆቹም ገና ትንንሾች ናቸው።

በዕውቀትዎ ከመሞት ለጥቂት የተረፍኩ፣ በግማሽ ልብ ሙሉ አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣
ክዋሲ አምፖፎ፣ የቀድሞ ሞተር አዳሽ

ሳልረሳው፦ ባለፈው ወር ለወገብ ምርመራ ነው ብለው አክራ ደርሰው መምጣትዎን ሰምተናል፤ እንኳን በደህና ተመለሱ። ትናንት ከስብሰባው በፊት መኪናዎ ውስጥ አንገትዎን ደፍተው ባለቤትዎ ያቀበሉዎትን ክኒን ሲውጡ በአጠገብዎ አለፍኩ። ማሸጊያውን አውቀዋለሁ፤ የእኔው ዓይነት የልብ ክኒን ነው። አደራ፣ ማንም ምን ቢልዎ እንዳያቋርጡት። ለዬቦዋም ንግግር ማድረግ አይጠበቅብዎትም፤ የነገውን ክኒንዎን ብቻ እሱ ፊት ቆመው ይዋጡት።