ከቀድሞው መዝገብ የተሰጡ ስሞች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ አስናቀች። ሐረር።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ይነግርሻል? ባለቤትሽ አስር አለቃ ቦልቴስ እንዴት ነው? ከሰፈር ውጭ አደረ ወይስ ቤቱ ነው? ትንሿ ሣራስ ጥርስ አወጣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሥጋችንን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። አትደንግጪ፣ እናታችን በሕይወት አለች፤ ይህን ወረቀት ስጽፍም አጠገቤ ተቀምጣለች።

ወንድሜ ለሰው ሁሉ ሲጽፍ ይውላል፣ ለኔ ሲሆን ቀለም ያልቅበታል ማለትሽን ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው፣ ከነሐሴ ወዲህ ዝም አልኩሽ። ነገር ግን ዝምታዬ የስንፍና አልነበረም። ምን ብዬ እንደምጀምርልሽ ጠፍቶኝ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ ሲጨምር እንደነበር ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ግን ሌላ ሆነ። ለመቶ ሃምሳ ተማሪ ተዘጋጅተን፣ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ሰባት መቶ መጣብን። ከአረካ፣ ከበዴሳ፣ ከዳሞታ ተራራ ጀርባ፣ ስንቁን በጀርባው አዝሎ የማይመጣ አልነበረም። ጢሙን ያበቀለ አለ፤ ሚስቱን አስከትሎ የመጣም አለ። ዳይሬክተራችን አቶ ወልደመስቀል የሸዋ ሰው ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፣ ግን የመጣን ልጅ መመለስ አይሆንላቸውም። ቢሯቸውን ለክፍል ሰጥተው ጠረጴዛቸውን ዋርካ ስር አወጡ፤ ሲዘንብ እኔ ዣንጥላ እይዝላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ። የጣሊያን የበቅሎ ጋጣ ተጠርጎ ክፍል ሆነ። ትምህርቱ በሁለት ፈረቃ ተከፈለ። ለአራት በተሠራ አግዳሚ ላይ ሰባት ይቀመጣሉ፤ መሀል ያለው ሲያስነጥስ የዳሩ መሬት ይገኛል።

ምዝገባው በኔ ላይ ወደቀ። ትእዛዙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተማሪው ስም አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ማንበብ የሚችሉት የአማርኛ ስም ይሁን። ሁለተኛ፣ አንድ ስም ለሁለት ተማሪ አይሰጥ፣ የፈተና ወረቀት ይደባለቃል። ልጁ አባቱ ያወጣለትን ስም ይዞ ይመጣል፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ትባላለህ ብዬ ሌላ እጽፍለታለሁ። እኔ ራሴ ኤርካሎ የሚባል የወላይታ ስም ይዤ ለሰው ልጅ የአማርኛ ስም ሳድል ትንሽ እንኳ አላፈርኩም።

በሦስተኛው ቀን ስም አለቀብኝ። የጻድቃኑን ጨረስኩ፣ የመኳንንቱን ጨረስኩ፣ የማውቃቸውን የፖሊሶች ስም ሳይቀር ሰጠሁ፤ ሰልፉ ግን ከበሩ አልፎ የገበያውን መንገድ ይዟል። ያን ጊዜ ከሣጥኑ ውስጥ የቀድሞውን መዝገብ አወጣሁ። ከጠላት በፊት የነበረው ትምህርት ቤት መዝገብ ነው፤ የድሮው መምህር በእንስራ አድርገው እንሰት ስር ቀብረው ያተረፉት። አርባ አንድ ስም አለበት። አርባ አንዱም ልጆች በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከጦሩ ጋር ሄዱ፤ አንድም የተመለሰ የለም። በንጹሕ እጅ የተጻፈ፣ የማይደጋገም ስም ነው፤ የሚጠይቀው ባለቤትም የለው። ከላይ ወደ ታች እያነበብኩ አደልኩት፤ በስም መጥሪያው ዝርዝርም በዚያው ተራ መጀመሪያ ላይ አሰፈርኳቸው።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ደገፉ ይላል። የኛው ደገፉ።

እትዬ፣ ልዘለው እችል ነበር። ከፊቴ የቆመው ከበዴሳ በኩል የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ጦና ይባላል፤ ዕድሜው ደገፉ ሲሄድ እንደነበረው አሥራ ስድስት ነው። መልኩ ወንድማችንን በምንም አይመስልም። ግን ያን ስም በየማለዳው ጮክ ብዬ ጠርቼ፣ ከወዲያ ሰው አቤት ሲለኝ መስማት አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ጻፍኩት።

ጠዋት የሁለቱም ፈረቃ ተማሪ ተሰልፎ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ደገፉ ብዬ ስጠራ፣ ከሰልፉ መሀል አቤት የሚል ድምፅ ሲመጣ ያንኑ ስም ደግሜ ጠራሁ። ከዚያ በኋላ ለመድኩት። እንዲያውም ቀኔ የሚጀምረው በሱ ሆነ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት አሮጊት ከቅንጭቡ አጥር ውጭ ቆማ አየሁ። በማግስቱ ሦስት ሆኑ። በጥቅምት አጋማሽ ሠላሳ ደረሱ፣ ሴትም ወንድም፣ ሁሉም ያረጁ። ጉሙ ከዳሞታ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ከአጥሩ በላይ የሚታየው የተከናነቡት ጋቢ ብቻ ነው። አይነጋገሩም፣ አያስሉም። እኔ ስም እጠራለሁ፣ አንድ ልጅ አቤት ይላል፣ ከነሱ አንዱ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ሌላ ስም እጠራለሁ፣ አቤት ይባላል፣ ሌላው ይሄዳል። ጠርቼ ስጨርስ ከአጥሩ ወዲያ ሰው የለም።

አቶ ወልደመስቀል መሬት ተወስዶባቸው ይሆናል ብለው ዘበኛውን አንጁሎን ላኩት። አንጁሎ በአማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ እንደሚያደርግ ታስታውሻለሽ። ተመልሶ «ጌታዬ፣ አሮጊቱ ምንም አልፈልግም አለ። ልጄ ሲጠራ ልሰማ ነው የመጣሁት አለ» አላቸው። የትኛው ልጅሽ ብለህ አልጠየቅሃትም ወይ ቢሉት «በጣሊያን ጊዜ የጠፋው» አለ። ዳይሬክተሩ ወደኔ ዞሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከሁሉም መጨረሻ እናታችን መጣች። እኔ ዘንድ እየኖረች አንዲት ቃል ሳትነግረኝ፣ አንድ ቀን አንገቴን ቀና ሳደርግ ከነሱ ጋር ቆማለች። ስሙ ላይ ስደርስ ጠራሁ። ልጁም አቤት አለ። ሄደች። ወደ ቤት ስገባ ከዚህ በፊት ያላየሁባትን ፊት አየሁባት፤ በላች፣ ሳቀች፣ ባለቤቴን አባይነሽን በወጥ አሠራሯ ቀለደችባት። ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አላለቅስም ብላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቅሶ ሳትቀመጥ እንደኖረች አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። ያን ፊት ካየሁ በኋላ ስሙን ከልጁ ላይ ማንሣት እንዴት ይቻለኛል?

ልጁ ግን ተለወጠብን። የሒሳብ መምህሩ መጥቶ፣ ማንም ሳይጠራው ብድግ ብሎ አቤት ይላል አለኝ። ማን ጠራህ ሲሉት «ሴት ናት፤ ከሩቅ ነው የምትጠራኝ» ይላል። ምግብ ቀነሰ። ጓደኞቹ ጦና ብለው ቢጠሩት ዞር አይልም። በጠራራ ፀሐይ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ደቡብ፣ ጦሩ ወደ ሄደበት መንገድ አቅጣጫ ተቀምጦ ያያል። መንገዱን ማን እንዳሳየው አላውቅም። እኔ አላሳየሁትም፣ እናታችንም ከአጥሩ አልፋ አታውቅም።

በጥቅምት መጨረሻ አባቱ ባዳቾ ከበዴሳ በእግሩ መጣ። ልጁ ለእሑድ ቤቱ ሄዶ ነበርና፣ እናቱ ስሙን ብትጠራው እንደ እንግዳ አይቷት ዝም አለ። አባትየው ዋርካው ስር ቁጭ ብሎ ረጋ ባለ ድምፅ የጻፍክበት ስም የማን ነው አለኝ። ከጻድቃን ስም የወሰድኩት ነው ልለው አፌን ከፍቼ አልሆነልኝም። እውነቱን ነገርኩት። ለቅሶው ተቀምጠንለታል ወይ አለኝ። አልተቀመጥንም አልኩት። አያታችን ያልተለቀሰለት ሰው ስሙን ይፈልጋል ትል የነበረው ትዝ አለኝ። ሰውዬው አልጮኸብኝም፣ አልከሰሰኝም። ሲነሣ እንዲህ ብቻ አለኝ፦ «ወንድምህን ከልጄ ላይ አንሣልኝ።» ልጁንም ይዞት ሄደ።

ለአቶ ወልደመስቀል ተናዘዝኩ። ተቆጡኝ፣ የሚገባኝን ያህል። ነገር ግን ዝርዝሩ አዲስ አበባ ሄዷል፣ መዝገብ አይፋቅም። ስም የሚወጣው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፤ ተዛወረ፣ ተባረረ፣ ሞተ። ተዛወረ እንዳልል ወዴት? ተባረረ እንዳልል ምን አጠፋ? የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ለሱ ደግሞ ቤተሰብ በጣቱ መፈረም አለበት። በገዛ እጄ ከደገፉ ስም ጎን ሞተ ብዬ ጽፌ፣ የእናቴን ጣት ይዤ ላሳርፍበት ነው ማለት ነው።

ቀናት ቆጠርኩ፣ ልነግራት አልቻልኩም። በመጨረሻ አባይነሽ አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ የሰው ልጅ እየጠፋ ነው አለችኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሙን እንዴት እንደሰጠሁ፣ ልጁ እንዴት እንደሆነ፣ አባቱ ያለኝን። እጇን ታጥባ ወደ ውስጥ ገባች።

ሰኞ ኅዳር ስድስት ጉሙ ከፍቶ ነበር። ከመዝገቡ እስኪወጣ ድረስ መጥራት ግዴታ ነውና አሥራ ሰባተኛው ላይ ደርሼ ደገፉ አልኩ። ልጁ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ቆሜ ጠበቅኩ። ሰባት መቶ ተማሪ ዝም አለ። ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ድምጿን ሰማሁ፣ በቤታችን ቋንቋ፦ «የለም። ሞቷል። እናቱ ነኝ።»

በበሩ ገባች። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ጣቴን የማሳርፈው የት ላይ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አቶ ወልደመስቀል ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ሞተ ብዬ ጻፍኩ። ፊደሏ ሁለት ናት፤ እጄ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ ነገር አልጻፈም። ቀና ስል ሌሎቹ አጥሩን ትተው ገብተዋል። ከዋርካው እስከ በሩ ድረስ፣ ልክ ልጆቹ ሊመዘገቡ እንደተሰለፉት ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ የልጁን ስም ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ፣ ጣቱን ያሳርፋል። የጣት ቀለሙ ደረቀ፤ ባለሱቁ አብደላ ሌላ ላከልን፣ እሱም ደረቀ። ሰባቱ ልጆች የሚፈርምላቸው ዘመድ አልነበራቸውም። አሮጊቶቹ ተመካክረው ጣታቸውን ደግመው አሳረፉላቸው፤ ዳይሬክተሩም እንዳላዩ ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ ስማቸው የተሠረዘውን ልጆች እንደ አዲስ መዘገብኳቸው። ምን ብዬ ልጻፋቸው ብላቸው አቶ ወልደመስቀል «እንዳመጡት ጻፍ፤ አዲስ አበባ ማንበብ ይልመድ» አሉኝ። ጦና ባለፈው ዓርብ ተመልሷል። ይበላል፣ ይስቃል፣ ስሙን ሲጠሩት ቶሎ ይዞራል። አጥሩ ላይ የሚቆም የለም። አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። አሥራ ሰባተኛው ቦታ ላይ ስደርስ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ሰባት መቶው ልጆች በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። እኔም ትንሽ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ።

እናታችን ለቅሶውን ለታኅሣሥ ዘጠኝ ቅዳሜ አድርጋዋለች። አስናቀች ሳትመጣ አልቀመጥም ብላለች። አስር አለቃ ይፍቀድልሽና እስከ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ድረሺልን። ሕፃኗንም ይዘሻት ነይ፤ አያቷ ልታቅፋት ትፈልጋለች። አደራሽን፣ ይህን ብቻዬን አልችለውም።

ለአስር አለቃ ቦልቴ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሣራን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አባይነሽ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። አንጁሎም እንዳትረሳኝ ብሏል፤ «አስናቀች ደህና ነው ወይ» ብሎሻል። እናታችን ዓይንሽን፣ ግንባርሽን፣ እጅሽን ስማለች። በየደብዳቤው መጨረሻ ሁልጊዜ የምታስጽፈኝን መስመር ታውቂያለሽ፤ ደገፉም መንገድ ላይ ነው፣ ሲደርስ ሰላም ይልሻል የሚለውን። ዛሬም እዚህ ስደርስ ብዕሬን ይዤ ጠበቅኳት። እሱን ተወው አለችኝ።

ወንድምሽ ኤርካሎ
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1947 ዓ.ም.